ምሰሶው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል

«ውሃው ምን እያደረገ ነው?»

ጠያቂው ድሬዳዋ ውስጥ በደቻቱ ወንዝ ዳር የተተከለው የብረት ምሰሶ ነበር። ተጠያቂዋ ወይዘሮ ሶልያና ነበረች።

ቀኑ ነሐሴ አሥራ አራት፣ ዓመቱ 2081 ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የከረመው ደቻቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደንገጎ ተራራ በኩል እየጮኸ መጣ። ሶልያና አንድ እግሯን ተጫምታ፣ አንድ እግሯ ባዶውን ወደ ምሰሶው ሮጠች።

«እየመጣ ነው!» አለች።

«እንዴት ነው የሚመጣው?» አለ ምሰሶው፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው በረጋ ድምፅ።

«በጣም ነው የሚመጣው!»

«‹በጣም› የውሃ አካሄድ አይደለም። እባክዎ ውሃው ምን እያደረገ እንደሆነ ይግለጹ።»

«ኧረ በማርያም! ኡኡ! ወሰደን!»

«‹ኡኡ› አልተመዘገበም።»

ምሰሶው ትክክለኛውን መግለጫ ሲጠብቅ ውሃው አልጠበቀም። በወንዙ ዳር በተደረደሩት አሥራ አንድ ቤቶች በፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ወጣ። ሰው አልነካም። ከሶልያና ቤት ግን ፍሪጁን አንሥቶ ሄደ። ፍሪጁ በጀርባው ተንሳፍፎ እየራቀ «እባክዎ በሩን ይዝጉ፤ እባክዎ በሩን ይዝጉ» ይል ነበር። የሶልያና አማት እማማ ቢታንያ ደጃፍ ላይ ቆመው እስኪሰወር ድረስ በእጃቸው ሸኙት።

«ትናንት የገዛሁት ሥጋ ውስጡ ነበር» አሉ።

ፍሪጁ ሩቅ አልሄደም። ከቀፊራ ድልድይ ሥር እስከ ወገቡ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቆመ። የሚሠራው በፀሐይ ስለነበረ ድምፁ አልጠፋም። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ ይደነግጥ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ግን የቀፊራ ነጋዴዎች ጠዋት ሲያልፉ «ደህና አደርክ?» ይሉት ጀመር። «እባክዎ በሩን ይዝጉ» ይላቸዋል። የሚዘጋለት አልተገኘም፤ በሩ በአሸዋ ተሞልቷል።

ስለ ምሰሶው የሚባለው ይህ ነው። የወንዙን በር የሚዘጋውም የሚከፍተውም እሱ ነው። ድሮ ዓይን ነበረው። አሸዋው ሦስት ጊዜ አሳወረው። የወንዝ ጽሕፈት ቤቱ አራተኛ ዓይን ከሚተክል ይልቅ በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ያየውን ቢነግረው ይሻላል ብሎ ወሰነ። ሰዉም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እየጮኸ ነገረው፤ ምሰሶው የሚይዘውን የሚለቀውን አጣ። በመጨረሻ፣ ከዚህ ጎርፍ በኋላ፣ ጽሕፈት ቤቱ ዓለምን ሲያስስ የውሃን አካሄድ ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም አንድ ቃል ውስጥ አስገብቶ የሚናገር ሕዝብ አገኘ። ቋንቋቸው ፓሳማኩዲ-ማሊሲት ይባላል፤ አገራቸው አሜሪካና ካናዳ የሚዋሰኑበት የባሕር ዳርቻ ነው። ምሰሶው ይህን ቋንቋ ተማረ። የቀረው የድሬዳዋ ሰው ብቻ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱን ማስታወቂያ የተናገረው የየቤቱ በር ነው። በወንዙ ዳር ያለ እያንዳንዱ የቤት ረድፍ ከመጪው ዓመት ጳጉሜን በፊት አንድ ፈተና ያለፈ ተናጋሪ ያቀርባል። ያላቀረበ ረድፍ ከተማው ጫፍ ወዳለው ረጅም ሕንፃ ይዛወራል። በሕንፃው አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ነው። ሦስተኛ ሰው ያለበት ቤተሰብ በዕድሜ ትንሹን ቦታ ወደተገኘበት ይልካል።

ሶልያና ቤት ሦስት ሰው ነበር። እሷ፣ የሟች ባሏ እናት እማማ ቢታንያ፣ እና የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ኑሃሚን።

«ሊፍት አለው?» ብለው እማማ ቢታንያ በሩን ጠየቁት።

«አለው።»

«እንግዲያው ምን እንጠብቃለን?»

«እማማ፣ ኑሃሚንን እኮ ነው የሚወስዱብን!» አለች ሶልያና።

«ትመጣለቻ! በሊፍት ትመጣለች።»

ኑሃሚን ሳቀች። ሶልያና አልሳቀችም። እሷ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ካስነጠሰች ሙቀት የምትለካ፣ ቀፊራ ደርሳ እስክትመለስ ሦስት ጊዜ የምትደውል ሴት ናት። ቦታ ወደተገኘበት! የት እንደሆነ እንኳ በሩ አልተናገረም። በማግሥቱ ጠዋት ተመዘገበች።

ምዝገባው ሁለት ሆነ። ምሰሶው የተቀዳ ድምፅ ለይቶ ስለሚያውቅና ስለሚቆጣ፣ ቃሉን በገዛ አፍ መናገር ግድ ነው። ቃል እንዳይጠፋ ደግሞ መጻፍ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ምጣዱም፣ በሩም፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥም ስለሚናገር፣ ፊደል የሚያውቅ ሰው በሠርግ ላይ ግጥም እንደሚያወርድ ሰው ብርቅ ነበር። ስለዚህ ሶልያና በአርባ ስምንት ዓመቷ ጠዋት ጠዋት ሀሁ፣ ከሰዓት ከሰዓት የውሃ ቃል ተማረች። ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምትይዘው።

አስተማሪዋ ሜቪስ ከዚያው ከባሕሩ አገር የመጣች ትልቅ ሴት ናት። የድሬ ሙቀት ገና ከአውሮፕላን ስትወርድ አሸንፏታል። ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ሁለት እግሯን መንከር ነው። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ማስተርጎሚያ የምትለውን ሁሉ በአማርኛ ይናገራል። ብዙ የምትስቅ ሴት ስለሆነች፣ በሳቀች ቁጥር ማስተርጎሚያው በዚያ በከበደ ድምፁ «ሳቅ» ይላል።

በመጀመሪያው ቀን ቆርቆሮ አዘንብላ ከጆግ ውሃ ለቀቀችበት።

«ምን አደረገ?» አለች ሶልያናን።

«ፈሰሰ» አለች ሶልያና።

«ሰው ቤትሽ መጣ እንበል። ሮጦ መጣ ወይስ ሰክሮ? ዞሮ መጣ ወይስ በአጥር ሾልኮ? ይህን ሳታውቂ በር ትከፍቻለሽ?»

«አልከፍትም!» አለች ሶልያና ከልቧ።

«ውሃውም ሰው ነው እንበል። እኛ አፍ ላይ ውሃ እንዲያው አይሄድም። እየቸኮለ፣ ወይ በድንጋይ መሃል እየተሽለኮለከ፣ ወይ ዞሮ እየተመለሰ ነው የሚሄደው፤ አንዷ ቃል ሁሉን ትናገራለች።»

«አቦ እኛስ መች ቃል አጣን!» አለ ከኋላ ወንበር ዚያድ። ዚያድ የታችኛው ረድፍ ነዋሪ፣ አሮጌ ባጃጅ እያሳመረ ለሙሽራ የሚያከራይ፣ ከውሻ ጋር እንኳ የሚቀልድ ሰው ነው። «ተንዶቆዶቀ፣ ተንፎለፎለ፣ ተንዠቀዠቀ፣ አስገመገመ! ወላሂ ደቻቱን በአማርኛ ብሰድበው ራሱ ይመለሳል!»

ሜቪስ ብድግ አለች፤ ሳፋው ተደፋ። «ተን-ፎ-ለ-ፎ-ለ» ብላ ሞከረች። «እንዴት ያምራል! ድገምልኝ። ይህን ምሰሶው ለምን አልተማረም?»

ሁሉም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሰው፣ ወደ አቶ ማክቤል ዞረ። አቶ ማክቤል ክራባቱን አስተካከለ።

«ስምምነቱ ተፈርሟል» አለ።

«ሳቅ» አለ ማስተርጎሚያው።

የሚጠኑት ቃላት ሠላሳ አንድ ነበሩ። ሶልያና ማታ ራት እየሠራች ደብተሯን ሽንኩርቱ አጠገብ ዘርግታ ትደግማቸዋለች። ስትሳሳት ኑሃሚን ከፍራሽዋ ላይ ዓይኗን ሳትገልጥ ታርማታለች። ትምህርት ቤቱን ረግጣው አታውቅም፤ እየሰማች ብቻ ያዘችው። እማማ ቢታንያ ደግሞ ከሠላሳ አንዱ አንዱን ብቻ፣ የቀስታውን ውሃ ቃል ያዙና ሻይ በተቀዳላቸው ቁጥር ይሉት ጀመር።

ሠላሳ አንደኛው ቃል ላይ ሲደረስ ሜቪስ የአገሯን ወንዝ ነገር አነሣች። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሲሞላ ወንዙን በአፉ ገብቶ ወደ ላይ፣ ወደ መጣበት ይገፋዋል። ውሃ ወደ ኋላው ሲሄድ የሚባልበትን ቃል ነገረቻቸው።

«ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» አለ አቶ ማክቤል። «ድሬዳዋ ባሕር የላትም።»

ሃያ ሁለት እርሳስ ባንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ወረደ። «ወደ ላይ የሚሄድ ደቻቱ ካየሁ እኔ ራሴ ባጃጅ ሆኜ ሙሽራ እጭናለሁ!» አለ ዚያድ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ሶልያና ግን ጻፈች። የተባለውን ሁሉ ካልጻፈች የሆነ ነገር ይደርስብናል ብላ የምትፈራ ሴት ናት። የመጨረሻውን ፊደል እግር በግራ ይሁን በቀኝ ስለተጠራጠረች ደግሞ አርባ ጊዜ ጻፈችው።

ፈተናው ሐምሌ ውስጥ ነበር፤ ምሰሶው ራሱ ነው የሚፈትነው። አቶ ማክቤል በተዘጋጀ ቦይ ውሃ ይለቃል፤ ተፈታኙ ያየውን ይናገራል፤ ከዚያ ምሰሶው የወንዙን በር ልዝጋ ወይም ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። ዚያድ ሃያ ስድስት አግኝቶ አለፈ። ሶልያና የተጠየቀችውን ሠላሳውንም አንድ ሳትስት መለሰች። ሜቪስ አጨበጨበች።

«በሩን ልዝጋልዎ?» አለ ምሰሶው።

«ኧረ አይቸገሩ» አለች ሶልያና።

ምሰሶው አልተቸገረም። ውሃው የአቶ ማክቤልን ጫማ ሞላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሶልያና እናት ከደብረ ብርሃን የመጡ ሴት ነበሩ። በእናቷ ቤት ሰው ሲጋብዝህ መጀመሪያ እንቢ ትላለህ። ሁለተኛ ሲልህ «ኧረ ተወው» ትላለህ። መልሱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ቶሎ እሺ የሚል ሰው ያልበላ ይመስላል። ሶልያና ድሬ ተወልዳ፣ ትንሹም ትልቁም «አንተ» በሚባባልበት አገር አርባ ስምንት ዓመት ኖራ፣ ይህ አልለቀቃትም። ድመትን «እርስዎ» የምትል እሷ ብቻ ነበረች። ምሰሶው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል።

«ወደቁ» አለ አቶ ማክቤል ካልሲውን እየጨመቀ። «ነሐሴ ሃያ አምስት አንድ ዕድል አለዎት። ከዚያ ወዲያ መኪና ይመጣል።»

«አቦ ሶሊ!» አለ ዚያድ። «ውሃውንም ‹ይቀመጡ› አትዪውም እንዴ!»

ኑሃሚን ቤት ውስጥ ታለማምዳት ያዘች። «እማ፣ ሻይ ልቅዳልሽ?» ትላታለች። «ኧረ አትቸገሪ» ትላለች ሶልያና። ኑሃሚን ሻዩን ራሷ ትጠጣለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሶልያና ስድስት ኪሎ ቀነሰች፤ አንድም ጊዜ አዎ አላለችም።

ደቻቱ ፈተናውን አልጠበቀም። ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ መጣ።

የወንዙ በሮች ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ምሰሶ አለው። ታችኛው በዚያድ ረድፍ በኩል፣ ከድልድዩ በታች ወንዙን አቋርጦ ይዘጋል፤ የቀፊራን ገበያ ይጠብቃል። ላይኛው በሶልያና ረድፍ ጎን ያለ ነው፤ ሲከፈት ውሃውን ወደ አሮጌው የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ይለቃል። በደንቡ መሠረት ውሃ ወደ ታች እስከሄደ ድረስ የላይኛው አይከፈትም።

ዚያድ የሙሽራ ኮቱን እንደለበሰ ከታችኛው ምሰሶ ሥር ተገኘ። የሚቸኩለውን ውሃ ቃል በጩኸት ተናገረ። «ልዝጋ?» አለው የታችኛው ምሰሶ። «ዝጋው አቦ!» አለ። የታችኛው በር ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ቀፊራ ሙሉ እልል አለ።

ውሃው በሩን መታ፣ መሄጃ አጣ፣ አበጠ፣ ከዚያ ዞረ።

ሶልያና ይህን ያወቀችው በፍሪጁ ነው። ከምሰሶው አጠገብ ከእማማ ቢታንያና ከኑሃሚን ጋር ቆማ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው በኩል ስታይ፣ ከኋላዋ፣ ከድልድዩ በኩል የምታውቀው ድምፅ መጣ።

«እባክዎ በሩን ይዝጉ።»

ዞራ አየች። ዓመት ሙሉ ተቀብሮ የከረመው ፍሪጅ ከአሸዋው ተነቅሎ፣ በጀርባው ተንሳፍፎ፣ ወደ ተራራው አቅጣጫ እየመጣ ነበር።

«ፍሪጄ!» አሉ እማማ ቢታንያ። «መጣልኝ!»

«ውሃው ምን እያደረገ ነው?» አለ ምሰሶው። «የምስክር ወረቀት የለዎትም። ሆኖም ሌላ ተናጋሪ ስለሌለ እሰማለሁ።»

ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ያዘ። ሶልያና አፏን ከፈተች። «በጣም» ሊወጣ ነበር፤ «ኡኡ»ም ከኋላው ተሰልፏል። ከዚያ አርባ ጊዜ የጻፈችው ቃል፣ እግሩ በቀኝ የሆነው ፊደል ሳይቀር፣ ዓይኗ ላይ መጣ። ሠላሳ አንደኛውን ተናገረች።

ምሰሶው ይህን ቃል ከተተከለ ጀምሮ ሰምቶት አያውቅም።

«ውሃው ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው ብለዋል። ገብቶኛል። የላይኛውን በር ልክፈትልዎ?»

«ኧረ አይ...»

እማማ ቢታንያ በሰማንያ አንድ ዓመት ጉልበታቸው ክንዷን ቆነጠጧት። «አዎ በይው፣ አንቺ!»

«እባክዎ በሩን ይዝጉ» አለ ፍሪጁ፣ ከሦስት ክንድ ርቀት።

«ሁለት ሐሳብ ቀርቧል» አለ ምሰሶው። «አንድ ተናጋሪ በትሕትና ዝጋ ብሏል።»

«እሱን አትስማው!» አለች ኑሃሚን። «ፍሪጅ ነው!»

«የቀደመው ተናጋሪ ቃሉን ካላጸና ዝጋ የሚለውን እፈጽማለሁ።»

ውሃው ጉልበቷ ደረሰ። ሶልያና አሥራ አንዱን ቤት አየች። ልጇን አየች፤ ኑሃሚን የእማማ ቢታንያን ወገብ ይዛ ቆማለች። ከዚያ በሕይወቷ ለማንም ብላው የማታውቀውን አለች።

«አንተ! ክፈት! ዛሬውኑ ክፈት፣ ደንቆሮ!»

«አመሰግናለሁ» አለ ምሰሶው፤ ከፈተም።

ውሃው እንደ ከብት መንጋ ወደ ጎን ታጥፎ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ፍሪጁ ግን በሩ ጠርዝ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። እማማ ቢታንያ ከፈቱት። ሥጋው አልነበረም፤ አንድ እንቁራሪት ነበረች። አውጥተው፣ አሸዋውን በእጃቸው ዝቀው፣ በሩን ዘጉለት። ፍሪጁ ከአንድ ዓመት ከአምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ሶልያና ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተቆጥቼ ነው» ትለዋለች። ምሰሶው «‹ይቅርታ› የውሃ አካሄድ አይደለም» ይላታል።

አቶ ማክቤል በማግሥቱ አዲስ ጫማ አድርጎ መጣና የምስክር ወረቀቱን ሰጣት። ራሷ አነበበችው፣ ፊደል በፊደል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ሰባት ደቂቃ ፈጀ፤ ማንም አላቋረጣትም። ዚያድ ለሦስት ቀን በምሰሶዎቹ በኩል አላለፈም። በአራተኛው ቀን ባጃጁን በአበባ አስጊጦ፣ «ቃል ቃል ነው» ብሎ ሶልያናንና አማቷን ጭኖ ቀፊራን ዞረ። ሜቪስ እግሯን ከሳፋው አውጥታ ወደ ባሕሯ አገር ተመለሰች፤ በደብተሯ «ተንፎለፎለ»ን ይዛ።

አቶ ማክቤል ግን አንድ ነገር ጨመረ። ደንገጎ ተራራ ላይ፣ ዝናቡ መጀመሪያ መሬት በሚነካበት ቦታ፣ አዲስ ምሰሶ ይቆማል። እዚያ የሚቀመጥ ተናጋሪ ያስፈልጋል፤ ድሬ ሳይሰማ ሰዓት ቀድሞ የሚናገር። ኑሃሚን ሳትማር ተፈተነች። ሠላሳ አንዱንም መለሰች፤ ምሰሶው ሲጠይቃት «አዎ» አለች፣ ወዲያው።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ወደ ደንገጎ የሚወጣው መኪና በር ላይ ቆመ። ሶልያና ዳቦ ቋጠረችላት፣ ሹራብ ጨመረች፣ ሁለተኛ ሹራብ ጨመረች፣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካች። ሙቀት አልነበራትም።

ኑሃሚን ሻንጣዋን አነሣችና እናቷን አየቻት። መልሳ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ልቅርልሽ?»

«ኧረ አትቸገሪ» አለች ሶልያና።

ከዚያ ጠበቀች።

ኑሃሚን ግን የድሬ ልጅ ናት። አቅፋ ሳመቻትና ወጣች።

በዚያ ዓመት ከአሥራ አንዱ ቤት ወደ ሕንፃው የተዛወረ ሰው የለም። ሊፍት ካላየሁ ብለው ዓመት ሙሉ ያስቸገሩት እማማ ቢታንያ ቀሩ። ፍሪጁም ቀረ። ሶልያና ቀረች። ኑሃሚን ሄደች።